ከአያት ጀርባ ወደ ማቆያው ፍራሽ

በዚህ ወር የቤተሰብ ዓምዳችን የሚያነሣው ጉዳይ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። የሕፃን እንቅልፍ ነው። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ሕፃን አቅፎ ሲንጎራደድ አድሮ በማግሥቱ ሥራ የገባ አባት፣ ልጇን ማቆያ ትታ ስትመለስ ልቅሶው እስከ መንገድ የተከተላት እናት፣ ነገሩ ትንሽ አለመሆኑን ይመሰክራሉ።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣችን ከኮልፌ አካባቢ አንዲት እህት የላከችልን ደብዳቤ ነው። ስሟን እንዳንጠቅስ ስለጠየቀችን አልጠቀስንም። ደብዳቤዋን አሳጥረን እንዲህ አቅርበነዋል፦

«የ1 ዓመት ከ2 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ከወለድኩ ጀምሮ እናቴ ከወሎ መጥታ ልጄን ያዘችልኝ፤ እኔም ሥራዬን ሳልተው ቆየሁ። አሁን አባቴ ስለታመመ እናቴ ወደ ኮምቦልቻ መመለሷ ግድ ሆነ። ልጄን ከ5 ሳምንት በኋላ የሕፃናት ማቆያ ማስገባት አለብኝ። ችግሩ ልጄ ቀን በእናቴ ጀርባ ላይ ካልታዘለ፣ ማታ ጡቴን ካልያዘ አይተኛም። ማቆያው ሄጄ ስነግራቸው ‹ልጆቹ ብዙ ስለሆኑ ማዘል አንችልም› አሉኝ። ባለቤቴ ‹ለይተን እናስተኛው፤ 3 ቀን ያለቅሳል፣ ከዚያ ይለምዳል› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹እያለቀሰ የተኛ ልጅ ልቡ ይሰበራል፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም› ብላ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈችን። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ሥራዬን ብተው የቤት ኪራዩ አይከፈልም። እባካችሁ ምን ትሉኛላችሁ?»

እኛም ደብዳቤውን አንብበን ዝም ማለት አልቻልንም። ከሕፃናት ጋር የምትሠራ አንዲት ነርስ አነጋገርን፤ በከተማችን ወዳለ አንድ የሕፃናት ማቆያም ሄደን የልጆቹን የእንቅልፍ ሰዓት ተመለከትን። በመንገዱ ያለፉ እናቶችንም ጠየቅን። መልሳችን ለእህታችን የተጻፈ ቢሆንም ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ለመሆኑ «ራሱን ችሎ መተኛት» ማለት ምን ማለት ነው?

የእህታችን ቤተሰብ የተጣላው ሁለት ነገሮች ተደበላልቀውበት ይመስለናል። አንደኛው ልጁ የት ይተኛል የሚለው ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል የሚለው ነው። በውጭ አገር የተጻፉ መጻሕፍት ሁለቱን አንድ አድርገው ነው የሚያቀርቡት፤ ልጁ የራሱ ክፍል፣ የራሱ አልጋ፣ የሚዘጋ በር እንዳለው ቆጥረው ይጀምራሉ። እህታችን ግን አንድ ክፍል ቤት ነው ያላት። የምትዘጋው ሌላ በር የላትም። እንዲያውም እንዲኖራት አያስፈልግም።

ማቆያው ከልጁ የሚፈልገው ለብቻው እንዲተኛ አይደለም። እዚያም ቢሆን በዙሪያው ብዙ ልጆች አሉ። የሚፈለገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ፣ ሳይታቀፍ፣ ሳይታዘልና ጡት ሳይዝ እንቅልፍ እንዲወስደው። ይህን ደግሞ እናቱ አጠገብ ሆኖ ሊማረው ይችላል። ሌሊቱን ከእናቱ ጋር እያደረም ሊማረው ይችላል። አያቱ «ልጅ ከእናቱ አይለይም» ማለታቸውም አባቱ «ልጁ መልመድ አለበት» ማለቱም ትክክል ነው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም።

ከዲናችን አንፃርም ሕፃን ልጅ ከእናቱ ተለይቶ ይተኛ የሚል ግዴታ የለም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ልጆች መኝታቸው እንዲለያይ የታዘዘው 10 ዓመት ሲሞላቸው ነው። በሱረቱ ኑር 58ኛው አንቀጽ ደግሞ ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች በሦስት ጊዜያት፣ ማለትም ከፈጅር በፊት፣ በቀትር የዕረፍት ሰዓትና ከዒሻ በኋላ፣ ወደ ወላጆቻቸው ሲገቡ ፈቃድ እንዲጠይቁ ተደንግጓል። የ1 ዓመት ልጅ ግን ገና ፈቃድ የሚጠይቅበት አንደበት እንኳ የለውም። ጡትን በተመለከተም በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ ማጥባትን ማሟላት ለፈለገ ሁለት ሙሉ ዓመት ተቀምጧል፤ ከዚያ በፊት ማስጣል ከተፈለገም በሁለቱም ወላጆች ስምምነትና ምክክር እንዲሆን ተነግሯል። እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም፤ ዝርዝሩን ዓሊሞችን ጠይቁ። ሆኖም «ምክክር» የሚለው ቃል ኩርፊያ ለገባበት ቤት የሚለው ነገር ያለው ይመስለናል። ባልና ሚስት ሳይመካከሩ አንዱ በአንዱ ላይ የሚጭነው የእንቅልፍ ሥርዓት ከሦስተኛው ሌሊት አያልፍም።

አውቶቡሱ ሲቆም

ልጁ ሌሊት ሌሊት ለምን ይነቃል? ነርሷ ያስረዳችን ይህን ነበር። ማንኛውም ሰው፣ ሕፃንም ሆነ አዋቂ፣ ሌሊቱን በአንድ ወጥ እንቅልፍ አያሳልፍም። እንቅልፍ ይጠልቃል፣ ይሣሣል፣ እንደገና ይጠልቃል። ሕፃናት ላይ ይህ ዙር አጭር በመሆኑ በየዙሩ መጨረሻ ለጥቂት ጊዜ ብንን ይላሉ። አዋቂው ብንን ብሎ ይገላበጥና ተመልሶ ይተኛል፤ ጧት ሲነሣም አያስታውሰውም።

በአውቶቡስ ደሴ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። መኪናው እየተወዛወዘ ሲሄድ ያንቀላፋ ተሳፋሪ የሚነቃው መቼ ነው? መኪናው ሲቆም አይደል! ደብረ ሲና ላይ ለምሳ ሲቆም ሁሉም ዐይኑን ይገልጣል። በአያቱ ጀርባ ላይ ያንቀላፋ ልጅም እንዲሁ ነው። ወደ እንቅልፍ የገባው በውዝዋዜ፣ በሙቀት፣ በሚሰማው የልብ ምትና በለመደው እሹሩሩ ነው። ብንን ሲል ግን ፍራሽ ላይ ነው፤ ውዝዋዜ የለም፣ ጀርባ የለም። ይደነግጥና ያለቅሳል፤ የሚጠይቀውም ያንኑ ውዝዋዜ ነው። ጡት ይዞ ያንቀላፋውም በየዙሩ ያንኑ ጡት ይፈልጋል፤ ርቦት አይደለም። ገና ሲተኛ ፍራሹ ላይ መሆኑን እያወቀ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ግን ብንን ሲል የሚያስደነግጠው ነገር የለም። የተኛውም የነቃውም እዚያው ነው።

ማዘል ጉዳት አለው ማለታችን እንዳልሆነ ልብ ይባልልን። እኛም በጀርባ ታዝለን ያደግን ነን። አንቀልባ ለልጅ ሙቀት፣ ለእናት ደግሞ ሁለት ነፃ እጅ ነው። ችግር የሚሆነው ልጁ የሚያውቀው መንገድ እሱ ብቻ ሲሆንና መንገዱን የያዘችው ሰው ወደ ኮምቦልቻ ስትሄድ ነው።

በጎበኘነው ማቆያ ያየነው ይህንኑ ነበር። ከምሳ በኋላ 11 ልጆች በትንንሽ ፍራሾች ላይ ተጋድመዋል፤ መጋረጃው ተጋርዷል። ገሚሱ ጣቱን እየጠባ፣ ገሚሱ የፎጣ ጫፍ እያሻሸ፣ ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ አንቀላፋ። አንዲት አዲስ የገባች ልጅ ግን አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩን በሩን ታይ ነበር። ሞግዚቷ በሁለት ልጆች መሐል ቁጢጥ ብላ በአንዱ እጇ አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ቸብ ቸብ ታደርጋለች። «እሷን ባዝላት ደስ ይለኛል» አለችን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን እሷን ይዤ ስነሣ እነዚህ ሁለቱ ይነሣሉ፤ እነሱ ሲነሡ ቤቱ በሙሉ ይነሣል።» ያቺ ልጅ ያን ቀን ሳትተኛ ዋለች። ማምሻውን እናቷ ስትመጣ ምን ዓይነት ምሽት እንደጠበቃት መገመት አያዳግትም።

አምስቱ ሳምንታት

እንግዲህ ለእህታችን ያልናት ይህ ነው። 5 ሳምንት በቂ ነው፤ ነገር ግን ዛሬውኑ መጀመር አለበት። መለማመጃውና ማቆያ መግባቱ በአንድ ሳምንት ላይ ከወደቁ ልጁ ላይ ሁለት ሸክም ይሆንበታል። በዚህ ዕድሜ ከእናት መለየት በራሱ ከባድ ነው። ከእናት የመለየት ፍርሃት በ8 ወር አካባቢ ይጀምርና እስከ 1 ዓመት ተኩል ድረስ በርትቶ ይታያል። የእህታችን ልጅ መሐል ላይ ነው ያለው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ሰዓት ማስተካከል ብቻ ነው። አስተኛኙን አትንኩት፤ አዝላችሁም ቢሆን አስተኙት። ማቆያው ልጆችን በስንት ሰዓት እንደሚያስተኛ ጠይቁና የቀን እንቅልፉን በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል እየገፋችሁ ወደዚያ አድርሱት። ልጆች ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ቀን ሁለት ጊዜ መተኛትን ትተው ወደ አንድ ጊዜ ስለሚያልፉ ነገሩ ከዕድሜው ጋር ይስማማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ ቀንና ሌሊት ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል ብሏል። ልጁ ቀን በጣም ከተኛ ማታ እንቅልፍ አይመጣም፤ በጣም ከደከመው ደግሞ ይነጫነጭና ጭራሽ እንቢ ይላል።

የማታውን ሰዓት በተመለከተ አላህ (ሱ.ወ.) ለአገራችን ሰው የተመቸ ሰዓት ሰጥቶናል። በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይለዋወጥም። ስለዚህ መግሪብ ጥሩ መነሻ ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ እራት፣ ከዚያ መታጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ መብራት ቀነስ ማድረግ፣ ዱዓ፣ መኝታ። በየቀኑ ያው ቅደም ተከተል። ሕፃን ሰዓት ባያነብም ቅደም ተከተልን ያነባል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲመሽ ልጆችን ወደ ቤት እንድንሰበስብ ማዘዛቸውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። (በስዊድንና በኖርዌይ ያላችሁ ቤተሰቦች በጋ ላይ መግሪብን ከጠበቃችሁ ልጁ እኩለ ሌሊት ሊደርስበት ነው። እናንተ መጋረጃችሁን ዘግታችሁ በሰዓት ሂዱ።)

በሁለተኛው ሳምንት ጡትና እንቅልፍ ይለያያሉ። ማስጣል አይደለም፤ ማለያየት ነው። ጡቱን ከመታጠቡ በፊት፣ መብራት በርቶ፣ ቁጭ ብላችሁ ስጡት። በጡቱና በመኝታው መሐል ልብስ መቀየሩና ዱዓው ይግቡ። ጡጦ የሚጠቀም ልጅም እንዲሁ፤ ወተት በአፉ ይዞ የሚያንቀላፋ ልጅ ጥርሱ ይበላሻል።

እዚህ ላይ ነው አባት የሚያስፈልገው። እናት አጠገቡ ከተጋደመች ልጁ ወተቱ ስለሚሸተው ጡት ይጠይቃል፤ መጠየቁ አያስወቅሰውም። አባት ከሆነ ግን አይጠይቅም። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ያህል ልጁን የሚያስተኛው አባት ቢሆን ሥራው በግማሽ ይቀላል። የእህታችን ባለቤት «ያለቅሳል፣ ከዚያ ይለምዳል» ያለው እሱ ሌላ ቦታ ሆኖ እሷ እንድታስለምደው ከሆነ አንስማማም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ ይሆኑ እንደነበርና የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ መናገሯን ቡኻሪ ዘግበዋል። ልጅ ማስተኛት ከዚህ አገልግሎት ውጭ ነው የሚል ሰው አላጋጠመንም።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ዋናው ሥራ ነው። ልጁ ዐይኑ ሲከብደው፣ ነገር ግን ሳይተኛ፣ ፍራሹ ላይ ይጋደም። መጀመሪያ ቀናት አጠገቡ ተጋድማችሁ እጃችሁን ደረቱ ላይ አድርጉ፤ ቸብ ቸብ አድርጉት። እሹሩሩውን አትተዉት። በብዙ ሙስሊም ቤቶች አያቶች በሶለዋትና በዚክር ያስተኙን የለ? ያው ዜማ አሁንም ይሠራል፤ የሚቀረው ውዝዋዜው ብቻ ነው። ሙዓውዊዘተይንን (ሱረቱል ፈለቅንና ሱረቱ ናስን) ቅሩበት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለልጅ ልጆቻቸው ለሐሰንና ለሑሰይን የአላህን ጥበቃ ይለምኑላቸው እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። በየማታው በአንድ ድምፅ የሚሰማ ዱዓ ለልጁ የመኝታ ምልክት ይሆንለታል። ከ3 ወይም ከ4 ቀን በኋላ እጃችሁን አንሡ፤ አጠገቡ ግን ቆዩ። ቀጥሎ ከመጋደም ወደ መቀመጥ፣ ከፍራሹ ጫፍ ወደ ዱካ፣ ከዱካው ራቅ ወዳለ ቦታ።

«በአንድ ክፍል ቤት ወዴት ልራቅ?» ትለን ይሆናል እህታችን። ከጠየቅናቸው እናቶች አንዷ የነገረችንን እናካፍላት። እሷም አንድ ክፍል ቤት ነበር የነበራት። ልጇን ካጋደመች በኋላ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ መስገጃዋን ታነጥፍና ዒሻን ትሰግዳለች። ልጇ በዐይኗ ታያታለች፣ ድምፅዋን ትሰማለች፤ እናቷ ግን ልታቅፋት አትችልም። መጀመሪያ ቀናት እየዳኸች መጥታ ሱጁድ ላይ ጀርባዋ ላይ ትወጣ ነበር። (ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው መስገዳቸውን፣ ሱጁድ ሲወርዱ አስቀምጠው ሲነሡ ያነሷት እንደነበር ለሚያውቅ ይህ አያስደነግጥም።) ሰግዳ ስትጨርስ ሳትቆጣ ትመልሳታለች። በስንተኛው ቀን እንደሆነ አታስታውስም፤ አንድ ማታ አሰላምታ ስታወርድ ዞር ብላ ብታይ ልጇ ፍራሹ ላይ አንቀላፍታለች። ሱናውንና ዊትሩን ስትሰግድም አልነቃችም።

ልቅሶውስ?

አያቱ የፈሩትን ነገር ልናልፈው አንችልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላትን ለማስረዘም አስበው ሳለ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ፣ የእናቱን ጭንቀት ስለሚያውቁ ሶላቱን ያሳጥሩ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የሕፃን ልቅሶ ለሶላት ያህል ነገር ዋጋ ከተሰጠው፣ «ዝም በሉት ይብቃው» ማለት ለእኛ አይቀልም።

በሌላ በኩል ሳይንሱ ምን ይላል? ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እየተዉ ተመልሶ በማጽናናት ወይም አጠገብ ተቀምጦ ቀስ በቀስ በመራቅ እንቅልፍ ያስተማሩ ቤተሰቦችን በአውስትራሊያ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ነበሩ። ጥናቱ የጀመረው የእንቅልፍ ችግር አለባቸው በተባሉ 326 ሕፃናት ላይ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት ልጆቹ 6 ዓመት ሲሆናቸው ነበር የተመለከታቸው። በባሕርያቸውም፣ ከወላጆቻቸው ጋር ባላቸው ግንኙነትም፣ በእንቅልፋቸውም በሠለጠኑትና ባልሠለጠኑት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ይህ ውጤት ሁለቱንም ወገን ያሳርፋል ብለን እናስባለን። የአያቱን ፍርሃት የሚደግፍ ጉዳት አልታየም። አባቱም ቢሆን «አሁን ካልሠለጠነ ተበላሸ» ሊል አይችልም፤ ያልሠለጠኑትም በ6 ዓመታቸው እንደ ሌሎቹ ተኝተዋል። ልጁን የምናስተምረው ለዘላለም እንዲጠቅመው ሳይሆን ለሚመጣው ወር ነው።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው። ልጁ ሲነጫነጭና እንቅልፍ እየታገለው ሲያጉረመርም ጥቂት ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ወደ እንቅልፍ የሚገባበት ድምፅ ነው። ልቅሶው ሲበረታ ሂዱ፣ ዳስሱት፣ አናግሩት፤ ካስፈለገ አንሥታችሁ እቀፉትና ሲረጋጋ ሳይተኛ መልሱት። እዚያው ክፍል ውስጥ ሆናችሁ የሚያለቅስ ልጅ የተተወ ልጅ አይደለም። ትኩሳት ካለው፣ ጥርስ እያበቀለ ከሆነ፣ ከታመመ፣ ሁሉንም አቋርጡና እቀፉት፤ ሲሻለው ትቀጥላላችሁ። ረመዷን ከመጣም ሱሑርና ተራዊሕ የቤቱን ሰዓት ስለሚያናጉት በዚያ ወር አትጀምሩ።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን። ልጅ እንዲተኛ ብሎ የጉንፋን ወይም የማሳከክ ሽሮፕ መስጠት አደገኛ ነው። ፕሮሜታዚን የሚባለው መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ እስትንፋስን አዳክሞ ሊገድል ይችላል። በየሌሊቱ የሚያንኮራፋ ወይም ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ልጅ ካላችሁ ደግሞ ችግሩ የልማድ ላይሆን ይችላልና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ገና ለሆኑት

ይህን ጽሑፍ የምታነብ የ3 ወር ሕፃን እናት «እኔስ?» ማለቷ አይቀርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንዲት ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት፤ አባት 3 ቀን። ስለዚህ የ3 ወር ሕፃን ይዘው ማቆያ በር የሚቆሙ እናቶች አሉ። ለእነሱ የምንለው አጭር ነው። በዚህ ዕድሜ የሚሠለጥን ነገር የለም። ቀንና ሌሊት እንኳ ገና መለየት እየጀመረ ነው። ቢያንስ እስከ 6 ወር ድረስ ይህን ሁሉ እርሱት። ያን ዕድሜ ለሚቀበል ማቆያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ልጄ መተኛት ይችላል?» ሳይሆን «እናንተ ማቀፍ ትችላላችሁ?» የሚል ነው።

የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው። ሕፃኑ በጀርባው ይተኛ፤ በሆዱ አይሁን። በአሜሪካ ይህ ምክር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በዘመቻ መልክ ከተሰራጨ በኋላ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በታች ወርዷል። ፍራሹ ጠንከር ያለ ይሁን፤ ትራስ፣ ቡልኮ፣ ፊት የሚሸፍን ጋቢ ይራቅ። ከእናቱ ጋር አንድ ክፍል መተኛቱ ይመከራል፤ ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ክረምት ላይ ቤቱ ይሙቅ ተብሎ የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ ማሳደር ቤተሰቡን በሙሉ የሚያጠፋ ነገር መሆኑን በየዓመቱ እንሰማለን፤ ደግመን ማሳሰብ የለብንም ነበር።

የመጨረሻው ሳምንት

በአምስተኛው ሳምንት ልጁ ማቆያውን ይተዋወቅ። መጀመሪያ ቀን ከእናቱ ጋር አንድ ሰዓት፤ በሚቀጥለው እናቱ ወጥታ ትመለስ፤ ከዚያ እስከ ምሳ፤ በመጨረሻ እስከ እንቅልፍ ሰዓት። ስትሄዱ ተደብቃችሁ አትውጡ፤ ተሰናበቱት፣ ቢያለቅስም። የተደበቀባት ልጅ ከዚያ በኋላ ዐይኗን ለመጨፈን ትፈራለች፤ ያቺን ጫማዋን ይዛ የቆመችውን ልጅ ያስታውሷል። ቤት የተጠቀመበትን ጨርቅ ወይም እናቱ የለበሰችውን ሻሽ ሳይታጠብ ላኩለት (ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ)። ለሞግዚቷም ቤት ምን እንደምታደርጉ ንገሯት፤ የትኛውን ዱዓ እንደምትሉ፣ የት ላይ ቸብ እንደምታደርጉት።

ማቆያ ገብቶ ቀን ያለ ጡት የሚተኛ ልጅ ማታ ቤቱ ጡት ቢፈልግ ግራ አይግባችሁ። ልጆች ቦታን ከቦታ ይለያሉ። የሚያስተኛቸው ሰው ሲለያይ የሚጠብቁትም ይለያያል።

ይህን መልስ ለእህታችን ቀድመን በስልክ ነግረናት ስለነበር ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰን። በመጀመሪያው ቀን ልጇ ማቆያው ውስጥ ጨርሶ አልተኛም። በሁለተኛው 20 ደቂቃ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይዞት ቤት ዋለ፤ አንድ ሳምንት ተበላሸባቸው፤ በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ያዘለው አባቱ ነው። አሁን ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይተኛል። ሌሊት ከእነሱ ጋር ነው የሚያድረው፤ ወደ ፈጅር ገደማ ጡት ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል።

አያቱ ከኮምቦልቻ በየማታው ይደውላሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁት «ተኛ?» ብለው ሳይሆን «አለቀሰ?» ብለው ነው። ለዒድ ሲመጡ ግን ማንም ምንም ቢል እንደሚያዝሉት አስቀድመው አስታውቀዋል። እህታችን «ምን ልበላቸው?» ብላ ጠይቃናለች። አንቀልባውን አጥበሽ አስቀምጪላቸው ብለናታል።